ዘግይቶ የተደረሰ ለቅሶ

ጎልዌይ፣ አየርላንድ
መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለአዳዳ ረዲያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እርስዎ ከነጉልበትዎ ሕመም፣ ጎረቤቱ ከነወሬው፣ ጭሮም ከነዳገቷ እንዴት ከረማችሁ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆትና ከዚህ አገር ዝናብ በቀር አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ።

«በስልክ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ቃል ከአፍሽ አይወጣም፣ ቁጭ ብለሽ ጻፊልኝ» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ። አማርኛዬ የቆመው ሰባተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ በቀይ እስክሪብቶ አርመው እንዳይመልሱልኝ። ጋሼ አብዶ ከሞቱ ወዲህ ስጽፍልዎ የመጀመሪያዬ ነው። አላህ ይርሐማቸው። ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ነው እስከዛሬ የቆየሁት፤ አሁንም አላውቅም።

አባቴ እንደነገረዎት የነብራስካው ኮሌጄ ለአንድ መንፈቅ ወደዚህ ልኮኛል። እስከ ታኅሣሥ እዚሁ እማራለሁ። የምኖረው ኦርላና ኒቭ ከሚባሉ ሁለት የአየርላንድ ልጆች ጋር በአንድ ቤት ነው። ኦርላ የገበሬ ልጅ ናት፣ ላም ታልባለች፣ ድምጿ ከጓሮ እስከ መንገድ ይሰማል። ኒቭ ዝምተኛ ናት፤ እሷ ዝም ስትል ኦርላ ታወራላታለች።

የመጣሁ ቀን ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነበር የሚዘንበው። ዣንጥላዬ ተገልብጦ ሻንጣዬን ይዤ ስታገል ኦርላ ሮጣ መጥታ ሻንጣውን ነጠቀችኝ። ሌባ መስላኝ ጮህኩ! ቤት ገብተን ነው ማንነቷን ያወቅሁት። እስካሁን ለሚመጣው ሰው ሁሉ ታወራብኛለች።

እዚህ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ሁሉ ሹፌሩን አመስግኖ ነው የሚወርደው። የጭሮ ባጃጅ ነጂ እንዲህ ቢመሰገን ሂሳብ ሳይከፍሉት ሊሄዱ መስሎት ይደነግጣል። ሌላ የሚገርመኝ ደግሞ «አሜሪካዊቷ» የሚሉኝ ነገር ነው። ሰባት ዓመት ነብራስካ ስኖር አንድም ሰው አሜሪካዊት ብሎኝ አያውቅም፣ እዚህ በሦስተኛው ቀን ሆንኩላቸው። ስለ አሜሪካ የማላውቀውን ሁሉ ይጠይቁኛል፣ እኔም የማላውቀውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ሻይ በወተት ይጠጣሉ፣ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ። «አልፈልግም» ብዬ ሳልጨርስ ኩባያው እጄ ላይ ነው። አሜሪካ እንዲህ የለም። አልፈልግም ካልሽ አልፈለግሽም፣ አለቀ።

ኦርላ ጠረጴዛዬ ላይ የጋሼ አብዶን ፎቶ አይታ ማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። የአክስቴ ባል ናቸው፣ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ ከእሷ ጋር ያሳደጉኝ፣ በሚያዝያ ሞቱ አልኳት። ከዚያ ወሬ ለወጥኩ።

የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ይጻፉልኝ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ ፈርዶሳ ጃዕፈር

*

ጭሮ
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ደብዳቤሽ መድረሱን ስለማሳወቅ

ለልጄ ለፈርዶሳ፣

ቢስሚላሂ ብዬ ጀመርኩ። ወዓለይኩም አሰላም፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ! አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ዝናቡንም ከጎንሽ ያንሳልሽ።

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ጉዳዩ ሳይባል ደብዳቤ መጻፍ አይሆንለትምና አትሳቂብኝ። ስልክ ላይ ለመጻፍ ጣቴ ስለማይታዘዘኝ በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ኔትወርክ ከጠፋ ጠብቂ። ስህተትሽን አላርምም፤ ግን አይቼዋለሁ።

ኦርላ ሻንጣሽን ስትነጥቅሽ መጮህሽ ደስ ብሎኛል። አሜሪካ ነቅቶ መኖርን አላስረሳሽም ማለት ነው። የተቀበለችሽን ልጅ ሌባ ማለትሽ ግን አያስከብርም፣ አንድ ቀን ጥሩ ነገር ሠርተሽ አካክሺላት።

እኛ ደህና ነን። ሚኤሶ በኩል ዘንድሮ ዝናቡ አታሏቸዋል፣ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ እያሉ የሚመጡ ሰዎች ከመኪና ሲወርዱ አያለሁ። በደሳ ግን ቡናው ጥሩ ይዟል ይላሉ። ጎረቤታችን በድሪ ሁለተኛ ባጃጅ ገዝቶ አላናግር ብሏል፤ ኮራ። የጡረታ ደብተሬን ለማሳደስ ሦስት ቀን ተመላለስኩ፤ እኔ ራሴ በሠራሁበት ቢሮ «ነገ ነይ» አሉኝ። ለስንቱ ነገ ነይ እንዳልኩ አስቤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ስለ አብዶ የጻፍሽውን አይቻለሁ።

እኔ ምንም አያስፈልገኝም። አንቺ ብርድ እንዳይመታሽ፣ ካልሲ ደርቢ። ሰላትሽን አትርሺ። አላህ የመልካም ሰው ጎረቤት ያድርግሽ።

አክስትሽ ረዲያ

*

ጎልዌይ
መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአዳዳ ረዲያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የእኔ ጤና ደህና ነው፤ የቀረው ግን ጥሩ አይደለም። ለአባቴ ስላልነገርኩት እባክዎ እንዳይነግሩት።

የኦርላ አባት ሞቱ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ድንገት ልባቸው ቆመ። ኦርላ ዜናውን የሰማችው ወጥ ቤት ቆማ ነው፣ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ኒቭ ወዲያው መኪና ለመነች። እኔ ቆሜ ኦርላን «ልምጣ?» አልኳት። ኦርላ እንባዋን እየጠረገች «አይ፣ አትቸገሪ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አንቺም ከመጣሽ ሁለት ሳምንት አልሞላሽም። እዚሁ ሁኚ» አለችኝ። እሺ ብዬ ቀረሁ።

አዳዳ፣ ሌላ የቀረ ሰው የለም! የክፍላችን ልጆች ሄዱ። አስተማሪው ሄዱ። ከቤታችን ሥር ያለው ባለሱቅ፣ ኦርላን ዳቦ ከመሸጥ በቀር የማያውቃት ሰውዬ፣ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ኒቭ እንደነገረችኝ ሬሳው ሳሎን ተቀምጦ ሰዉ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፎ ነበር፤ አንድ በአንድ እየገባ የቤተሰቡን እጅ ጨብጦ ሻይና ዳቦ እየቀመሰ ይወጣል። አንድም የተጠራ ሰው አልነበረም። እኔ ለሦስት ቀን ባዶ ቤት ተቀምጬ የመጽሐፍ ገጽ ስገልጥ ነበር።

ኦርላ ከተመለሰች ወዲህ ቤቱ ልክ አይደለም። ከኒቭ ጋር እያወሩ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ኦርላን «ስላልመጣሁ ይቅርታ» ብላት «ምንም አይደለም፣ እንዲያውም ጥሩ አደረግሽ» አለችኝ። ጥሩ አደረግሽ ማለት ምን ማለት ነው? ሌባ ብያት ነበር፣ አሁን ደግሞ የአባቷን ለቅሶ ቀረሁ።

ኮሌጁ እስከ ጥቅምት 5 ቀን ድረስ ማቋረጥ የሚፈልግ ወደ አሜሪካ ይመለስ ብሏል። ቅጹን ሞልቼዋለሁ፣ አላስገባሁትም። እዚህ ቤት እንደዚህ ሆኜ እስከ ታኅሣሥ መቀመጥ አልችልም። አትምጪ ካሉኝ ምን ላድርግ ነበር? ይምከሩኝ።

ፈርዶሳ

*

ጭሮ
መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ቁጣ

ፈርዶሳ፣

አላህ ለልጅቷ አባት የሚገባውን ያድርግላቸው፣ ለቤተሰቡም ሶብር ይስጥ። ሰላምታውን በኋላ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ልቆጣ።

አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ተጠይቆ ይኬዳል እንዴ? «ልምጣ?» ብሎ ጥያቄ ምንድነው? ሰው ሞቶበት «አትቸገሩ» ያላለ ሐዘንተኛ የት አገር አይተሻል? ሌላ ምን ይበል? ኑልኝ፣ አልቅሱልኝ፣ ብቻዬን ፈራሁ ብሎ ይለምን? አትምጪ ማለት የሐዘንተኛው ወግ ነው፣ ሄዶ መድረስ የሰዉ ወግ ነው። ይኼን ከእኔ ቤት ነው ተምረሽ የወጣሽው! ኃይለየሱስ የሚባል የሂሳብ ሹማችን እናቱ ሰሜን ሸዋ የሞቱ ጊዜ «ሩቅ ነው፣ እንዳትንቀሳቀሱ» ብሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሄዶ፣ በሁለተኛው ቀን ቢሮው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ በአንድ አይሱዙ ተጭነን ድንኳኑ ሥር ወረድንለት። ሲያየን ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «ምነው ቆያችሁ!»

አትምጪ ያለ ሰው በልቡ ይቆጥራል፣ ልጄ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ። በአፉ ምንም አይደለም ይላል።

ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ቅጹን ቅደጂው። ከዚህ ቤት ሸሽተሽ ብትሄጂ ነውሩ አብሮሽ ይሄዳል። ነገር ግን አልረፈደም፣ አይዞሽ፤ ከመቅረት መዘግየት ይሻላል። አብዶ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ መቆሚያ አልነበረም። በሳምንቱ ድንኳኑ ፈረሰ፣ የእድሩ ወንበር ተመለሰ፣ ሰዉም ወደ ጉዳዩ። እኔና ግድግዳው ቀረን። በአርባ ስምንተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ሣህሊቱ ናት፣ ሚኤሶ ጤና ጣቢያ የምትሠራዋ ነርስ፤ አብዶን መርፌ ትወጋው የነበረችው። ወሬውን የሰማችው በዚያን ሰሞን ኖሯል። «ረፍዶብኝ ይቅርታ» አለችኝ። ከዚያ ቀን በፊት ሰው እንዳይጨነቅ እያልኩ እንባዬን ስውጥ ነበር። ያለቀስኩት ከሷ ጋር ነው።

ስለዚህ ወደ ልጅቷ እናት ቤት ሂጂ። ደውለሽ ልምጣ ብትዪ አላውቅሽም። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ያዢ። እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ቆመሽ እንዳትመለሺ፣ ቁጭ በይ። ብዙ አታውሪ። ሥራ ካየሽ ሥሪ። ሻይ ሲሉሽ ሁለቴ እምቢ ብለሽ በሦስተኛው ተቀበዪ። ምን እላለሁ ብለሽ አትጨነቂ፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ቁጣዬ እዚህ ላይ አበቃ። አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንዴት ሰነበትሽ?

ረዲያ

*

ጎልዌይ
መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ ለአዳዳ ረዲያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። አላህ የሚቆጣ አክስት አያሳጣኝ። አሜን ይበሉ።

ሄድኩ! ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። አድራሻውን ኒቭ ሰጠችኝ። ኦርላ ዓርብ ዕለት ወደ እናቷ ሄዳ ስለነበር ኒቭ «ደውዬ ልንገራት?» አለችኝ። «እንዳታደርጊው፣ አክስቴ ከልክላለች» አልኳት። ኒቭ ከዚያ ሌላ አልጠየቀችም።

ስኳር ያዢ አሉኝ እንጂ ስንት ኪሎ እንደሆነ አልነገሩኝም። በእኛ ቤት ለለቅሶ የሚመጣውን ሳስብ አንድ ኪሎ አሳፈረኝና አምስት ገዛሁ። አውቶቡሱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ መንታ መንገድ ላይ ጥሎኝ ሄደ። ሹፌሩን አመስግኜ ወረድኩ። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ ሣርና ላም ብቻ። የፌስታሉ ጆሮ ተበጥሶ ስኳሩን እንደ ሕፃን አቅፌ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ትራክተር አቁመው «የማን ነሽ?» አሉኝ። በአላህ! በደሳ የደረስኩ ነው የመሰለኝ። ወዴት እንደምሄድ ስነግራቸው «አሃ፣ አሜሪካዊቷ!» ብለው ጫኑኝ።

በሩን የከፈቱት የኦርላ እናት ናቸው፣ ወይዘሮ ብሪድ ይባላሉ። ጉልበታቸው ድረስ የሚወርድ የወንድ ሹራብ ለብሰዋል። መንገድ ላይ ያጠናሁት እንግሊዝኛ በሙሉ ጠፋኝ። «አላህ ያጽናዎት» አልኳቸው፣ በአማርኛ። አንድም ቃል አልገባቸውም፤ እጄን ይዘው አስገቡኝ።

«ሻይ ልስጥሽ?» አሉ። አይ፣ አመሰግናለሁ አልኩ። «ትንሽ?» አሉ። አልቸገርዎት አልኩ። «ውኃው እኮ ፈልቷል» አሉ። እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ቢያዩ! አንድ ወር ያህል ይህን አገር ሳልረዳው የኖርኩት በሁለት ሻይ መሃል ነበር።

ስኳሩን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩት። አምስቱንም አንድ በአንድ አዩና «ይኼ ሁሉ ለምንድነው?» አሉ። «በአገሬ ለቅሶ ቤት ሰው ስለሚበዛ ስኳር ቶሎ ያልቃል» አልኳቸው። «እዚህ ስኳሩ አላለቀም፣ ያለቀው ሰዉ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ አይታወቅም ነበር።

ብዙ አታውሪ ስላሉኝ አላወራሁም። ሥራ ካየሽ ሥሪ ስላሉኝ ጓሮ ወጥቼ አየሁ፤ የፖም ዛፍ አለ፣ ፍሬው ረግፎ ሣሩ ላይ ሊበሰብስ ነው። ባልየው በየዓመቱ እየለቀሙ ማርማላታ ያሠሯቸው ነበር፤ ዘንድሮ ለማን ብለው ትተውታል። «ስኳርማ አለ» አልኳቸው። ሁለት ባልዲ ለቅመን ቁጭ ብለን መላጥ ጀመርን። ኦርላ ላሞቹን አልባ ስትገባ እኔ እናቷ ወጥ ቤት ፖም እየላጥኩ ነው። በር ላይ ቆማ፣ የዚያች ልጅ ድምፅ ጠፋ፣ «አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ በቀስታ። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ረፍዶብኝ ይቅርታ» አልኳት። ሽርጧ ሁሉ ወተት ነበር፣ እንደዚያው ሆና አቀፈችኝ።

አዳዳ፣ አልተቀየሙኝም ነበር! ያሳደገኝ ሰው በሚያዝያ እንደሞተ ለኦርላ ነግሬያት አልነበር? እሷ ሬሳ ባይ ቁስሌ እንዳይነካብኝ ብላ ነው አትምጪ ያለችኝ። እኔ ስገባ ወሬ የሚያቆሙትም የሞት ወሬ ስለሆነ፣ እኔን እንዳያስለቅሱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ እነሱን ስፈራ እነሱ እኔን ሲፈሩ አንድ ቤት ውስጥ በእግር ጣታችን ስንሄድ ከረምን። እፎይ! እንዲህ ያለ እፎይታ በሕይወቴ አላውቅም። ማታውን ወጥ ቤቱ እስኪናወጥ ሳቅን፣ ኦርላ ሌባ ያልኳትን ለእናቷ በትያትር አሳየቻቸው።

ማርማላታው እየፈላ ሳለ ነው ወይዘሮ ብሪድ የጠየቁኝ። «ያሳደገሽን ሰው ልትቀብሪ አገርሽ ሄደሽ ነበር?» አሉኝ። አክስቴ አትምጪ ስላለችኝ ቀረሁ፣ ፈተናም ነበረኝ አልኳቸው። ማማሰያውን አቁመው አዩኝ። «አንቺም ሰማሻት?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፣ ገርሟቸው ነው። እጄ ላይ የነበረውን ፖም ልጬ ልጬ ከመሃሉ በቀር ምንም አላስቀረሁለትም።

አዳዳ፣ ያን ቀን በስልክ «ኢንተላ ቲያ፣ አትምጪ፣ ፈተናሽን ተፈተኚ፣ መጥተሽ ምን ታደርጊልኛለሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። አንዴ እንኳ አልተከራከርኩም። እውነቱን ልንገርዎ፤ አትምጪ ሲሉኝ ቀለለኝ። ጋሼ አብዶ የሌሉበትን ቤት ማየት ፈርቼ ነበር። ከዚያ አፈርኩ፣ ስላፈርኩ አልደወልኩም፣ ስላልደወልኩ ይበልጥ አፈርኩ። እርስዎ የቆጠሩት እኔን ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ቅጹን ቀድጄዋለሁ፣ እስከ ታኅሣሥ እዚሁ እማራለሁ። ፈተናዬ ታኅሣሥ 10 ያልቃል፣ ወደ ነብራስካ ከመመለሴ በፊት ሦስት ሳምንት አለኝ። ወደ ጭሮ ልምጣ?

ልጅዎ ፈርዶሳ

*

ጭሮ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ስለ ጉዞ የቀረበ ጥያቄን ይመለከታል

ለልጄ ለፈርዶሳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ኔትወርክ ስላልነበረ መልሱ ዘገየ። ለወይዘሮዋ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ አምስት ኪሎ ስኳር መውሰድሽን ለበድሪ ነግሬው ሁለት ቀን ሳቀ።

የጻፍሽውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር የለም። መምጣቱን በተመለከተ ግን አያስፈልግም። ቲኬቱ ውድ ነው፣ የመንገዱም ድካም ቀላል አይደለም። እኔ ደህና ነኝ፣ ለምጄዋለሁ። ገንዘብሽን ለትምህርትሽ አድርጊው። አትቸገሪ።

ረዲያ

*

ጎልዌይ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

አዳዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም።

ጥፋቴ መጠየቄ ነው። ከእርስዎ ቤት ነው ተምሬ የወጣሁት፣ አሁን ትዝ አለኝ። ቲኬቱን ዛሬ ጠዋት ቆርጫለሁ። ኦርላ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቁልፉን እስክጫን ድረስ ስትጠብቀኝ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን አዲስ አበባ እገባለሁ፣ በማግስቱ ጭሮ ነኝ። ስኳር እይዛለሁ። ለቅሶ ልደርስ ነው የምመጣው፤ ማንንም አላስፈቅድም።

ፈርዶሳ

*

ጭሮ
ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ አንቺው ታውቂዋለሽ

ኢንተላ ቲያ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከፍ ካለው ሰማይ በሰላም ያውርድሽ። ደብዳቤሽን ይዤ ሳምንት ዞርኩ። ለበድሪ አነበብኩለት። ለጡረታ ቢሮዋ ልጅ አነበብኩላት፤ ደብተሬን በዚያው ቀን አደሰችልኝ። ሣህሊቱንም ሚኤሶ ደውዬ አነበብኩላት። ሁሉም «ደስ አለሽ፣ አይደል?» አሉኝ። እኔ ደግሞ «ምን አደከማት፣ ይቅርባት ነበር» ስል ነበር። አሁን ብቻዬን ስለሆንኩ ልንገርሽ፤ ደስ ብሎኛል። ደስታው እህል አላስበላ ብሎኛል፣ ልጄ።

ሦስት ሳምንት ያልጻፍኩልሽ ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ኔትወርክ ነበር። «ልምጣ?» ያልሽውን እያየሁ፣ ይህች ልጅ ዛሬም ትጠይቀኛለች ብዬ አኩርፌ ነው። እሺ ነይ ማለት ደግሞ አንደበቴ አልቻለበትም። አንድ ሰው ሐዘንተኛ ሆኖ ነይ ሲል ሰምቼ አላውቅምና ከየት ልጀምረው?

ሚያዝያ ላይ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እሺ ማለትሽን እንደ ደንቡ ነው የያዝኩት። ቆርጣ ትመጣለች፣ አባቷን ለምና ትመጣለች አልኩ። ሦስቱን ቀን ሰው ሁሉ ሲገባ ዓይኔ ከበሩ አልተነሳም። ድንኳኑ ሲፈርስ በድሪን «አንድ ቀን ይቆይ» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፣ ሁለት ቀን አቆየው። ተቀይሜሽ ነበር፣ ፈርዶሳ። በጣም ነው የተቀየምኩሽ። ልጅ የለኝም፣ ያለሽኝ አንቺ ነሽ፣ ታዲያ ማንን ልቀየም? አንቺ መፍራትሽን በጻፍሽበት ቀን ግን ቂሙ ለቀቀኝ። ፈርታ ነው እንጂ ንቃን አይደለም ብዬ ብቻዬን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። እኔም እኮ ያንን ቤት እፈራዋለሁ።

ስትመጪ በደሳ እንወርዳለን፣ የተቀበረው አባቱ አጠገብ ነው። ቆመሽ ዱዓ ታደርጊለታለሽ። ሌላውን እዚያው እንደ ሆነልን እንሆናለን። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ፣ ገና አንድ ወር ተኩል ቢቀርም አንጥፌዋለሁ። ለኦርላና ለእናቷ ምን እንደምልክላቸው እያሰብኩ ነው፤ የአገራቸው ጉምሩክ ምን እንደሚያስገባ ጠይቂልኝ።

ከአዲስ አበባ በጠዋቱ መኪና ተሳፈሪ፣ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጪ። ሚኤሶ ስትደርሺ ደውዪልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ብቻ ነው የሚቀርሽ። እኔ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ጉልበትዎን ያምዎታል፣ አይቸገሩ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በይ፤ እኔ ግን እመጣለሁ።

አክስትሽ ረዲያ